ቁመቱ አይሸውዳችሁ፦ የበቆሎ የዘር ጊዜ፣ የአገዳ መሰበርና ምርት

የበቆሎ ማሳዬን በአንድ ጊዜ ዘርቼ ጨርሼ አላውቅም። ጉልበት አይፈቅድም፤ አፈሩም እኩል አይመቻችም። ስለዚህ በየዓመቱ ቀድሞ የተዘራ፣ መሃል ላይ የተዘራና መጨረሻ ላይ የተዘራ መደብ ይኖረኛል። ዘሩ ያው ነው። ማዳበሪያውም፣ በተክሎቹ መካከል ያለው ርቀትም ያው። የሚለያቸው የተዘሩበት ጊዜ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ቆመው ሲታዩ ብዙ ነገር ያሳብቃሉ። ያየሁትን ልጻፍላችሁ፤ በተለይ «እርጥበቱ እስካለ ድረስ ትንሽ ብዘገይ ምን አለበት?» ለምትሉ።

ዘግይቶ የተዘራው በቆሎ መጀመሪያ ያምራል። ይረዝማል፣ ራሱንም ከፍ አድርጎ ይይዛል። መንገደኛ ቆሞ የሚያደንቀው እሱን ነው። ቀድሞ የተዘራው አጠገቡ ድንክ ይመስላል። እኔን ግን ያ ቁመት ያሳስበኛል። ቁመቱን ያመጣው በአብዛኛው በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርዝመት ነው። ቀድሞ የተዘራው ቀዝቀዝ ባለ አየር ቀስ እያለ ያድጋል፤ አንጓዎቹ ተቀራርበው ይቀራሉ። ዘግይቶ የተዘራው ግን ሙቀቱም እርጥበቱም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ ይፈተለካል። እድገቱ ደመና የበዛበት ጊዜ ላይ ከወደቀ ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል። የሚወጣው ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ ሸክሙን ወደ ላይ ያወጣ አገዳ ነው። ራሱ ከመሬት በራቀ ቁጥር ነፋስ ሲመታው ታች ያለው አንጓ ላይ የሚያርፈው ጫና ይብሳል።

«በቆሎው ጋሸበ» ሲባል ግን ምን እንደሆነ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ አገዳው ሳይሰበር ከነሥሩ ያዘነብላል። ይሄ የሚመጣው አፈሩ ረስርሶ ሳለ ከባድ ነፋስ ሲነሳ ነው። ተክሉ ገና ካላበበ አንገቱን ቆልምሞ መልሶ ቀና ይላል፤ ካበበ በኋላ ከሆነ ግን እንደተኛ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ በጣም ፈጥኖ በሚያድግበት ሰሞን፣ አገዳው ውሃ በሞላበትና ገና ባልጠነከረበት ጊዜ፣ አንጓው ላይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከሁሉም በላይ የምንከስርበት ግን ሦስተኛው ነው፦ ፍሬው ሞልቶ ሲያበቃ አገዳው ከራሱ በታች እጥፍ የሚለው። እኔ ስቆጥር ከራሱ በታች የተሰበረውን «የአገዳ ስብራት» ብዬ እመዘግባለሁ። ሳይሰበር ከ30 ዲግሪ በላይ ያዘነበለውን ደግሞ በሌላ ዓምድ፣ «ከሥር የወደቀ» ብዬ። ሁለቱን መቀላቀል መፍትሔውንም ያደባልቃል።

አገዳው ሲሰበር ሁሉም ነፋሱን ይረግማል። ነፋሱ ሰበብ ነው እንጂ ነገሩ ያለቀው ከዚያ በፊት ነው። በቆሎ ካበበ በኋላ ፍሬው ያለማቋረጥ ስኳር ይጠይቃል። ቅጠሉ የዕለቱን ማቅረብ ከቻለ ደህና። ካልቻለ ፍሬው አይታገስም፤ አገዳው ውስጥ የተከማቸውን መሳብ ይጀምራል። አገዳውም ሥሩም ይራባሉ። የተራበ ሥርና አገዳ ደግሞ አፈርና ቃርሚያ ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖሩትን ፈንገሶች መመከት ያቅተዋል። ፉዛሪየም፣ ጅበሬላ፣ የአንትራክኖስ ፈንገስ፣ ደረቅና ሞቃት ሲሆን ደግሞ ማክሮፎሚና ይገባሉ። አገዳው ቆሞ ሳለ ከውስጥ ይበሰብሳል።

የዘር ጊዜው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዘግይቶ የተዘራው በቆሎ ሲያድግ ሁሉ ነገር ሞልቶለታል። ስለዚህ ብዙ ፍሬ ለመያዝ ይዘጋጃል። ፍሬውን በሚሞላበት ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዝናብ በሚመረትበት ቦታ ዝናቡ ያልቅበታል። ከምድር ወገብ በራቀ ቦታ ደግሞ ቀኑ ያጥራል፣ ፀሐዩ ይደክማል፣ ቅዝቃዜው ይመጣል። በጥጋብ ጊዜ የገባውን ቃል በችግር ጊዜ ክፈል ይባላል ማለት ነው። የሚከፍለው ከአገዳው ላይ ነው።

ይሄን በዓይን ማየት ይቻላል። ፍሬው ወደ መድረቅ ሲል ከየመደቡ ጥቂት ተክል እቆርጥና ታች ያሉትን አንጓዎች በቢላ በቁመታቸው እሰነጥቃለሁ። ደህናው ነጭ ነው። እርጥበት አለው፤ መሃሉ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። የደከመው ውስጡ ተሟሟቶ ከቅርፊቱ ተላቋል፤ የቀረው ረጃጅም ጭረት ብቻ ነው። አንዳንዴ ሮዝ ቀለም ይይዛል፤ ፉዛሪየምና ጅበሬላ ላይ የተለመደ ነው። ጭረቶቹ ላይ በጣም ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ተነስንሰው ካያችሁ ማክሮፎሚናን ጠርጥሩ። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አገዳ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስና ባዶ ጠርሙስ በእጅ ሲጨበጥ ያለው ነው፤ ቅርፊቱ ያው ሆኖ ባዶው ቶሎ ይጨማደዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ዘግይቶ በተዘራው መደብ ውስጥ፣ ሁሉም ዙሪያውን ወድቆ ሳለ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ወፋፍራም ተክሎች ታገኛላችሁ። «ዘሩን ከዚህ ነበር መያዝ» ያሰኛሉ። ጠጋ ብላችሁ እዩዋቸው። ብዙዎቹ ራስ የላቸውም፤ ወይም ያላቸው ፍሬው የተበታተነ ቆረቆንዳ ነው። የሚመግቡት ፍሬ ስለሌለ ስኳሩ አገዳቸው ውስጥ ቀርቷል። ለዚህ ነው የቆሙት። ስለዚህ የወደቀውን ብቻ ቆጥሮ «ይሄ መደብ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። በአበባ ሰዓት ድርቅ የመታው ማሳ ምንም ሳይወድቅ ባዶ ሊሆን ይችላል። የወደቀውን ስትቆጥሩ ራስ የያዘውንም ቁጠሩ።

ተባዩም የዘገየውን ይወዳል። የአገዳ ቆርቁር በአንድ የምርት ወቅት ከአንድ በላይ ትውልድ ሊፈለፍል ይችላል። ቀድሞ የተዘራው በቆሎ የሚያገኘው ገና ጥቂት የሆነውን የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ትውልድ በዝቶ ሲመጣ እሱ ጠንክሮ፣ ፍሬውን መሙላት ጀምሮ ይጠብቀዋል። የዘገየው ግን ለስላሳ ቅጠልና ለስላሳ አገዳ ይዞ ይቀበለዋል። ትሉ አገዳውን ሲበሳ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። ቦርቡሮ ያዳክመዋል፣ ለፈንገስም በር ይከፍታል። ራሱን ከአገዳው ጋር የሚያያይዘውን ክፍል ከበሳው ደግሞ ተክሉ ቆሞ ራሱ ብቻ ይወድቃል። እንዲህ የወደቀ ራስ ስታገኙ ነፋስ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ቀዳዳውንና እንደ ዱቄት የደቀቀውን ኩስ ፈልጉ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መውደቅ ነው። ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ ግን አንድም ባይወድቅ ምርቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሁለቱ ኪሳራዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋልና ለይቶ ማየት ጥሩ ነው። የበቆሎ የእድሜ ሰዓት የሚቆጥረው ቀን ሳይሆን ሙቀት ነው። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ በሞቀ ቁጥር ይሮጣል፣ እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ። በሙቀት የተዘራ ስለሚቸኩል ብርሃን የሚሰበስብበት ቀን ያንሰዋል። የፍሬው ቁጥር በአብዛኛው የሚወሰነው ደግሞ ከአበባው በፊት 2 ሳምንት፣ ከአበባው በኋላም 2 ሳምንት አካባቢ ባለው ጊዜ ነው። ይሄ ጊዜ ድርቅ ላይ ከወደቀ፣ በኋላ የሚመጣ ዝናብ የጠፋውን ፍሬ አይመልሰውም። ቁጥሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው የእያንዳንዱ ፍሬ ክብደት ነው፤ እሱም በሙሊት ጊዜ ይወሰናል። የዘገየው መደብ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ይጎዳል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ነገር ናይትሮጅን ነው። ደርቆ የቆየ አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ ውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይነቃሉ፤ ብዙ ናይትሬትም (ተክል የሚወስደውን ናይትሮጅን) በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ይሄ በነጻ የሚገኝ ማዳበሪያ ነው። ሥር ያለው ተክል ካገኘው ይጠቀምበታል። ካላገኘው ወይ አረም ይበላዋል፣ ወይ ዝናቡ አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። ዘግይቶ የተዘራው መደብ መጀመሪያ ላይ ቢጫ ብሎ ሲያስቸግራችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

«እንግዲያው በጊዜ እንዝራ» ብላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። በጊዜ መዝራትና ያለጊዜ መዝራት ይለያያሉ። አፈሩ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ በዘሩ ጥልቀት ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ በጠዋት ሲለካ 10 ዲግሪ ካልሞላ፣ ዘሩ ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። ሲተኛ ይበሰብሳል። ሞቃት በሆነ ቦታ ደግሞ ችግሩ ሐሰተኛ ዝናብ ነው። አንዴ ዘንቦ ያበቅልና ይጠፋል። እኔ የሰማዩን ፊት አይቼ አልዘራም። አፈሩን ቆፍሬ እርጥበቱ ምን ያህል እንደወረደ አያለሁ። ላዩ ረጥቦ ታቹ ደረቅ ከሆነ እጠብቃለሁ።

ያለጊዜው የተዘራ በቆሎ ትልቁ ጉዳቱ እኩል አለመብቀሉ ነው። ከጎረቤቶቹ በሁለት ቅጠል ወደ ኋላ የቀረ ቡቃያ ከዚያ በኋላ አይደርስባቸውም። ጥላ ውስጥ ያድጋል፣ ቀጭን ይሆናል፣ ነፋስ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው። ማለትም ያለቅጥ መቸኮልም በሌላ በር ወደ ስብራት ያደርሳል። የዘሩ ጥልቀትም ይወስናል። 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲቀበር ዋናዎቹ ሥሮች በቂ አፈር ውስጥ ይይዛሉ። ለማብቀል ተቸኩሎ ላዩ ላይ የተዘራው ግን ሥሩ ተንሳፍፎ ከነሥሩ ይገለበጣል።

አሁን በመደቦቹ መካከል ንጽጽር ለምትሠሩ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ቀድሞ የተዘራው ቀድሞ ይደርሳል። ከደረሰ በኋላ ሳይሰበሰብ ከቆመ አገዳው መዳከሙ አይቀርም፤ ምስጥ ባለበት ደግሞ ግርጌውን በልቶ ይጥለዋል። ሁሉንም መደብ በአንድ ቀን ዞራችሁ ከቆጠራችሁ ቀድሞ የተዘራው ብዙ ወድቆ ልታገኙት ትችላላችሁ። «ያው፣ ቀድሞ መዝራት ጥቅም የለውም» ትላላችሁ። ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። አንዱን በደረሰ ማግስት፣ ሌላውን ደርሶ ከሰነበተ በኋላ ነው ያያችሁት። እኔ የምቆጥረው እያንዳንዱ መደብ ከደረሰ በኋላ እኩል ቀን ቆይቶ ነው። መድረሱን የማውቀው ፍሬውን ፈልፍዬ በሚጣበቅበት ጫፍ ያለውን በጥፍር ስፈገፍግ ነው፤ ጥቁር ሽፋን ከታየ ከዚያ በኋላ ክብደት አይጨምርም። በዚያ ሰዓት እርጥበቱ ገና ከ30 እስከ 35 በመቶ አካባቢ ነው።

መዘግየት አንዳንዴ የማይቀር ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዘሩ ይጠፋል፣ መጀመሪያ የተዘራው ከሽፎ እንደገና ይዘራል። እንዲህ ሲሆን የዘር ጊዜውን መለወጥ ስለማይቻል ሌላውን ሁሉ እለውጣለሁ። መጀመሪያ የምለውጠው ዝርያውን ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ትቼ ቶሎ ደራሹን እወስዳለሁ። ቶሎ ደራሽ ዝርያ በጥሩ ዓመት ከትልቁ ያነሰ ይሰጣል፤ በዘገየ ዓመት ግን ፍሬውን ሞልቶ ይጨርሳል። ከዝርያዎቹም ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚይዘውንና አገዳው ጠንካራ የሆነውን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ብዛቱ። «ዘግይቻለሁና አጥቅጥቄ ልዝራ፣ በቁጥር ላካክሰው» የሚል ሐሳብ ብዙ ሰው ላይ አያለሁ። የሚከፋው እሱ ነው። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሄክታር ወደ 53,000 ተክል ይገባል። 75 በ30 ሲሆን ወደ 44,000 ይወርዳል። እኔ ስዘገይ ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ። ተክሉ ሲጠቀጠቅ አገዳው ይቀጥናል፣ ይረዝማል፤ መዘግየቱ ብቻውን ያንን እያደረገ ስለሆነ ልጨምርበት አልፈልግም። ሁለት ሆኖ የበቀለውንም በጊዜ አሳሳዋለሁ።

ማዳበሪያ ላይ ናይትሮጅን ብቻ ማብዛት አገዳውን አይጠቅመውም። ተክሉ ይለመልማል፣ ራሱ ይከብዳል፣ አገዳው ግን አይከተለውም። አፈሩ ፖታሽየም ካነሰው ደግሞ ስብራቱ ይብሳል፤ ፖታሽየም አገዳውን የሚያጠነክርና በሽታ እንዲቋቋም የሚረዳ ንጥረ ነገር ነው። የአፈር ምርመራ ማድረግ ከቻላችሁ ናይትሮጅኑን ብቻ አትጠይቁ። ስኮተኩት ደግሞ አፈር አስታቅፈዋለሁ። ከመሬት በላይ የሚወጡት ደጋፊ ሥሮች አፈር ሲያገኙ ይይዛሉ። ይሄ የሚረዳው ከነሥሩ ለሚገለበጠው ነው፤ ውስጡ ለበሰበሰ አገዳ አይሆንም።

ሁሉም ተደርጎ በመጨረሻ የሚያድነው ሰዓቱን ጠብቆ መሰብሰብ ነው። ለዚህ ሁለት ቀላል መፈተኛ አለ። አንደኛው ተክሉን ወገብ አካባቢ ይዞ ከቆመበት ወደ 30 ዲግሪ መግፋትና መልቀቅ ነው። ደህናው ተመልሶ ይቆማል፤ የደከመው ይታጠፋል። ሁለተኛው ታች ያለውን አንጓ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መጭመቅ ነው። እጅ ላይ ከተጨማደደ ውስጡ አልቋል። በማሳው አምስት የተለያየ ቦታ፣ በየቦታው 20 ተክል እፈትናለሁ። ዳር ዳሩን ብቻ አታድርጉት፤ ዳር ያለው ብርሃን ስለሚያገኝ ሁልጊዜ ይበረታል። ከመቶው ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሲፈተን ከታጠፈ ወይም ከተጨማደደ ያ መደብ ተራውን አይጠብቅም። ቀድሞ የተዘራ ይሁን ዘግይቶ የተዘራ፣ ቀድሞ ይሰበሰባል። ቀድሞ የተዘራው ጠንክሮ ሲቆም የዘገየውን ያስቀደምኩበት ጊዜ አለ።

ቀድሞ መሰብሰብ ማለት ግን እርጥብ መሰብሰብ ነው። እርጥበቱ 25 በመቶ አካባቢ ሳለ የሰበሰባችሁት በቆሎ ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ማድረቂያ ወይም አየር የሚያስገባ ማስቀመጫ ከሌላችሁ የስብራቱን ኪሳራ በሻጋታ ኪሳራ ትለውጡታላችሁ። ለማከማቸት 13 በመቶና ከዚያ በታች መድረስ አለበት።

ኪሳራው ስንት እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው። መስመራችሁ በ75 ሳንቲ ሜትር የተራራቀ ከሆነ የአንድ መስመር 13 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር 10 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚያ ውስጥ መሬት ላይ የቀረ አንድ ራስ ብታገኙ በሄክታር 1,000 ራስ ማለት ነው። አንድ ራስ ሲፈለፈል 150 ግራም ፍሬ ይወጣዋል ብንል 150 ኪሎ፣ ማለትም 1 ኩንታል ተኩል ነው። ሦስት ራስ ከሆነ 4 ኩንታል ተኩል። ለቅሞ መጨረስ ይቻላል የምትሉ አላችሁ፤ ይቻላል፣ ጉልበቱን ግን አስቡት። በማሽን የሚሰበሰብ ከሆነ ደግሞ መሬት የነካው አብዛኛው አይነሳም።

የተለቀመውን ከቆመው ጋር አልቀላቅለውም። አፈር ላይ የሰነበተ ራስ እርጥበት ስላገኘው አንዳንዱ ይበቅላል፣ አንዳንዱ ይሻግታል፤ አፍላቶክሲንና ፉሞኒሲን የሚባሉት የሻጋታ መርዞችም በዓይን አይታዩም። ስለዚህ በሌላ ጆንያ ይገባል፤ የሻገተው ለሰውም ለእንስሳም አይሰጥም። ጆንያው ላይ የመደቡንና የተዘራበትን ቀን እጽፍበታለሁ፣ ንጹሑ ሲመዘንም አብሮ ይመዘናል።